ከመፈረማችሁ በፊት፦ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ከአደጋ ካሳ ላይ የሚጠይቁት ድርሻ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በአሜሪካ ለምትኖሩ፣ በተለይም በሜዲኬር ወይም በሜዲኬይድ ለምትታከሙ፣ እንዲሁም በእነዚህ የሚታከሙ እናት አባት ላሏችሁ ሁሉ ነው። በመኪና የተገጨ፣ ሱቅ ውስጥ አንሸራቶት የወደቀ ወይም ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ሕክምናውን መንግሥት ከከፈለለት በኋላ ካሳ ቢያገኝ፣ ያ ካሳ የማን ነው?

መልሱን ከወዲሁ እንንገራችሁ። ሕክምናውን የከፈለው የመንግሥት የጤና መድን ከካሳው ላይ ገንዘቡን መልሶ የመጠየቅ መብት በሕግ ተሰጥቶታል። ይሁን እንጂ የተጠየቀውን ሁሉ እንዳለ መክፈል ግዴታ አይደለም። ተጎጂውም ሒሳቡን የመመርመር፣ የማስተካከልና የማስቀነስ መብት አለው። የዛሬው መልእክታችን ይኸው ነው፤ የካሳ ስምምነት ከመፈረማችሁ በፊት መንግሥት የሚጠይቀውን ድርሻ እወቁ፤ ስታውቁትም መስመር በመስመር መርምሩት።

ይህን ጉዳይ ለእኛ ማኅበረሰብ ከበድ የሚያደርገው አንድ የለመድነው አሠራር አለ። አገር ቤት ሰው ሲጎዳ ሽማግሌ ይገባል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ይቅር ለእግዜር ይባላል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል። እዚህ አገር ግን ገጪና ተገጪ ቢስማሙም፣ ኢንሹራንሱ ቼኩን ቢጽፍም፣ ገንዘቡን የሚጠብቅ ሦስተኛ ወገን አለ። ይህን ሳያውቁ ካሳውን ተቀብለው ለቤት ኪራይ፣ ለልጆች ትምህርትና አገር ቤት ላለ ዘመድ ካዋሉት በኋላ የክፍያ ጥያቄ ደብዳቤ የሚደርሳቸው ሰዎች አሉ። ያኔ መከራከሩም መክፈሉም ይከብዳል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አስቀድመን እንወያይበት።

(አጭር ሙዚቃ)

ነገርን ከሥሩ እንጀምር። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተመሠረቱት በአንድ ቀን ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምሌ 30 ቀን 1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በፈረሙት ሕግ ነው የተቋቋሙት። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሜዲኬር በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲ የአካል ጉዳት ክፍያ 24 ወር የተቀበሉ ሰዎችም ይገቡበታል። የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ሜዲኬይድ ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ሲሆን፣ ፌዴራሉና እያንዳንዱ ግዛት በጋራ ይከፍሉበታል፤ የሚያስተዳድረው ግን ግዛቱ ነው። ሁለቱም ከካሳ ላይ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ የሚከተሉት ሕግ ግን ይለያያል። ስለዚህ የእናታችሁ ካርድ የትኛው እንደሆነ፣ ምናልባትም ሁለቱም እንዳሏቸው፣ ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ከሜዲኬር እንነሣ። በ1965 ሲጀመር ሜዲኬር ለአብዛኛው ሕክምና ቀዳሚው ከፋይ ነበር። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ግን ከመጀመሪያውም የአሠሪው የጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ ይቀድም ነበር። በ1980 የወጣው ሕግ ይህን ወደ መኪና ኢንሹራንስና ወደ ሌሎች የኃላፊነት ኢንሹራንሶች አሰፋው። ከዚያ ወዲህ፣ ለጉዳቱ መክፈል ያለበት ሌላ ኢንሹራንስ ካለ ሜዲኬር ተከታይ ከፋይ ነው።

ታዲያ የተገጨ ሰው ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስኪጣራ ድረስ ሳይታከም ይቆያል? አይቆይም። ኃላፊ የሆነው ኢንሹራንስ በ120 ቀናት ውስጥ የማይከፍል ከሆነ ሜዲኬር ሊከፍል ይችላል፤ ክፍያው ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። ችግር ላይ እህል ያበደረ ጎረቤት ምርት ሲገባ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ሜዲኬርም ካሳው ሲመጣ የከፈለውን ይጠይቃል። ካሳው የተገኘው በፍርድ ቤት ውሳኔም ይሁን በስምምነት፣ ገጪው ጥፋቱን ይመንም አይመን፣ ለውጥ የለውም።

"ካልነገርናቸው በምን ያውቃሉ?" የምትሉ አትጠፉም። በ2007 በወጣ ሕግ መሠረት፣ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለሜዲኬር ተጠቃሚ ካሳ ሲከፍሉ ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ካሳ ስትጠይቁ ኩባንያው የሜዲኬር ቁጥራችሁን ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን ቢጠይቃችሁ ለዚህ ነው። ነገሩን መደበቅ አይቻልም፤ በትክክለኛው መንገድ መያዝ ግን ይቻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ወደ ተግባሩ እንግባ። ለማስረዳት ያህል አንዲት እናት እናስብ። 72 ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በእግረኛ ማቋረጫ ላይ መኪና ገጭቷቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ተኙ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ ከዚያም ለወራት የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ተከታተሉ። ሒሳቡን ሜዲኬር ከፈለ።

የመጀመሪያው እርምጃ ማሳወቅ ነው። ልጃቸው ወይም ጠበቃቸው ቢ.ሲ.አር.ሲ. ወደሚባለው የሜዲኬር የክፍያ ማስተባበሪያና ማስመለሻ ማዕከል ደውለው አደጋው የደረሰበትን ቀን፣ የጉዳቱን ዓይነትና የገጪውን ኢንሹራንስ ያስመዘግባሉ። ስልኩ 1-855-798-2627 ነው። ማዕከሉ መጀመሪያ መብትና ግዴታን የሚያስረዳ ደብዳቤ ይልካል። ይህ ደብዳቤ ከወጣ በ65 ቀናት ገደማ ውስጥ ሁለተኛ ደብዳቤ ይከተላል። ሜዲኬር እስከዚያ ቀን የከፈለው ሒሳብ ዝርዝር ያለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

ይህን ዝርዝር ቀርበን እንየው፤ ብዙ ገንዘብ የሚድነው እዚህ ላይ ነውና። ወረቀቱ እንደ ሰንጠረዥ ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሕክምናው የተሰጠበት ቀን፣ የሐኪሙ ወይም የሆስፒታሉ ስም፣ የበሽታው መለያ ቁጥር፣ የተጠየቀው ዋጋና ሜዲኬር የከፈለው ገንዘብ ይጻፋል። የእኚህ እናት ዝርዝር ድምር 24,000 ዶላር ነው እንበል። ልጃቸው ቁጭ ብላ ከእናቷ ጋር መስመር በመስመር ስታየው፣ የዳሌው ቀዶ ሕክምና አለ፤ ልክ ነው። የራጅ ምርመራው አለ፤ ልክ ነው። ወረድ ስትል ግን የዓይን ሐኪም ሒሳብ ታገኛለች፤ እናቷ ግላኮማ አለባቸው፣ ክትትሉም ከአደጋው በፊት የተጀመረ ነው። ቀጥሎ የስኳር ክትትል አለ፤ ይህም ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እንዲህ እያለች ስትደምር ከአደጋው ጋር የማይያያዝ 4,000 ዶላር ታገኛለች።

እነዚህ መስመሮች እንዲወጡ በጽሑፍ መቃወም ይቻላል። በደብዳቤ፣ ወይም ሜዲኬር ለዚሁ ሥራ ባዘጋጀው የኢንተርኔት ገጽ ላይ፣ የሕክምና ማስረጃ አያይዞ ማቅረብ ነው። ተቃውሞው ተቀባይነት ካገኘ ሒሳቡ 20,000 ይሆናል። እናታችን የታከሙበትን የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው፤ ጠበቃው የስኳር ሐኪማቸውን ስም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩ ለጠበቃ ብቻ የሚተው ወረቀት አይደለም። የታከመው ሰው ማየት አለበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ እንጨምር። ኢንሹራንሱ ካሳ መክፈሉን ለሜዲኬር አስቀድሞ ካሳወቀ፣ የሚላከው ደብዳቤ ሌላ ዓይነት ነው፤ መልስ ለመስጠት ያለው ጊዜም 30 ቀን ብቻ ነው። በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጠ ሜዲኬር ሒሳቡን ሳይቀንስ የክፍያ ጥያቄ ያወጣል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው ብላችሁ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱ።

ቀጥሎ የሚመጣው የጠበቃ ክፍያ ተቀናሽ ነው። ካሳውን ለማግኘት ለጠበቃና ለክስ ወጪ የተከፈለውን ሜዲኬርም በድርሻው እንዲጋራ ሕጉ ያዛል። ካሳው 60,000 ዶላር ነው እንበል። ጠበቃው ሲሶውን፣ ማለትም 20,000 ወሰደ፤ ለሰነድና ለመሰል ወጪዎች 1,000 ወጣ። በድምሩ 21,000፣ ማለትም የካሳው 35 በመቶ ነው። ሜዲኬርም ከ20,000ው ላይ 35 በመቶውን፣ 7,000 ዶላር፣ ይተዋል። የሚመለስለት 13,000 ይሆናል። ለእናታችን የሚተርፈው 26,000 ዶላር ነው። የዓይንና የስኳሩ ሒሳብ ሳይነሣ ቢቀር ኖሮ ግን ሜዲኬር 15,600 ይወስድ ነበር። ልጅቷ ወረቀቱን በማንበቧ ብቻ 2,600 ዶላር ለእናቷ ተረፈ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንመልከት። ካሳው 60,000 መሆኑ ቀርቶ 20,000 ብቻ ቢሆንስ? ይህ የሚደርስ ነገር ነው፤ የገጪው ኢንሹራንስ ትንሽ ሊሆን ይችላል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ደግሞ ተጎጂው ራሱ ጥቂት ጥፋት ቢገኝበት ካሳውን በሙሉ ሊያጣ ስለሚችል፣ ብዙ ሰው በትንሹ ለመስማማት ይገደዳል። የጠበቃና የወጪው ድርሻ 7,000 ቢሆን 13,000 ይቀራል። የሜዲኬር ሒሳብ ከካሳው ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሕጉ ከጠበቃ ወጪ የተረፈውን በሙሉ ለሜዲኬር ይሰጣል። ለተጎጂዋ አንድም ዶላር አይተርፍም። ስምምነቱ ላይ "ይህ ገንዘብ ለደረሰባት ሥቃይ ነው" ተብሎ ቢጻፍም ሜዲኬር በዚህ አይገደድም። የሚገደደው ፍርድ ቤት ክርክሩን ሰምቶ ገንዘቡን ለይቶ ከወሰነ ነው። ለዚህ ነው ሒሳቡን ከመፈረም በፊት ማወቅ ያስፈልጋል የምንለው። ከፈረሙ በኋላ ካሳውን ከፍ ማድረግ አይቻልም።

እንዲህ ያለ ችግር ለገጠመው ሰው ግን በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። የመጨረሻው የክፍያ ጥያቄ ከደረሰ በኋላ በ120 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ችግረኛ የሆነና ገንዘቡን ቢመልስ ለኑሮው የሚያስፈልገውን የሚያጣ ሰው ደግሞ ዕዳው እንዲቀርለት ማመልከት ይችላል። ኪራይ፣ መድኃኒት፣ ምግብ፣ ከኪሱ ያወጣው የሕክምና ወጪ፣ ሁሉም በማስረጃ ይቀርባል። ዝም ማለት ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ60 ቀናት ውስጥ ያልተከፈለ ዕዳ ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ ወለድ ይታሰብበታል፤ ውሎ አድሮም ወደ ፌዴራሉ የገንዘብ መሥሪያ ቤት ተላልፎ ከሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ ላይ ሊቆረጥ ይችላል።

ሜዲኬር አድቫንቴጅ በሚባለው፣ በግል ኩባንያ በኩል በሚሰጠው ሜዲኬር የምትታከሙ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የማዕከሉ ዝርዝር የግል ኩባንያው የከፈለውን አያካትትም። ኩባንያውም በበኩሉ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ ሁለቱንም ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በዓመቱ መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ሰው ከሁለቱም ዘንድ ሒሳብ ሊኖርበት ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሜዲኬይድ እንሻገር። በሜዲኬይድ የሚታከም ሰው ሲመዘገብ፣ ለሕክምናው ከሌላ ወገን የሚገኘውን ክፍያ የመጠየቅ መብቱን ለግዛቱ አሳልፎ ይሰጣል። ግዛቱም በዚህ መብት ከካሳው ላይ ይጠይቃል። ጠበቆች ይህን ሊየን ይሉታል። የሜዲኬይዱ ልዩነት ግዛቱ እጁን ማሳረፍ የሚችለው ከካሳው ለሕክምና በተሰጠው ክፍል ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ለሥቃይና ለቀረ ደመወዝ የተሰጠውን መንካት አይችልም።

ይህ መብት የተረጋገጠው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። በአርካንሳስ ግዛት አንዲት የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ በ1996 በመኪና አደጋ አንጎሏ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰባት። ሜዲኬይድ 215,645 ዶላር ከፈለ። የጉዳቷ ሙሉ ዋጋ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢሆንም የተስማማችው በ550,000 ነው፤ ይህም የሙሉው አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው። ግዛቱ የከፈልኩትን በሙሉ ልውሰድ አለ። እርሷ ደግሞ "እኔ ያገኘሁት ከሚገባኝ አንድ ስድስተኛውን ነው፤ እናንተም ከከፈላችሁት አንድ ስድስተኛውን ውሰዱ" ብላ ተከራከረች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 በሙሉ ድምፅ ለእርሷ ፈረደ። ግዛቱ ያገኘው 35,581 ዶላር ብቻ ነው። ጠበቆች በተማሪዋ ስም የአልቦርን ውሳኔ የሚሉት ይህ ነው። በ2013 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት፣ ሰሜን ካሮላይና ክርክር ሳይሰማ ከካሳው እስከ ሲሶ የሚወስድበትን አሠራር ሻረ።

በ2022 ግን ነገሩ ለተጎጂዎች ጠበበ። በፍሎሪዳ በ2008 ከትምህርት ቤት አውቶቡስ የወረደች የ13 ዓመት ልጅ በጭነት መኪና ተገጭታ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ደረሰባት። ሜዲኬይድ 862,688 ዶላር ከፈለ፤ ስምምነቱ የተደረገው በ800,000 ነበር። ወላጆቿ ላለፈው ሕክምና የሚመለሰው 35,367 ብቻ ነው ሲሉ፣ ግዛቱ በራሱ ቀመር 300,000 ጠየቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰባት ለሁለት ድምፅ ለግዛቱ ፈረደ፤ ላለፈው ሕክምና ብቻ ሳይሆን ለወደፊት ሕክምና ከተመደበውም መጠየቅ ይችላል አለ። ከዚህ የምንማረው፣ በስምምነቱ ውስጥ የትኛው ገንዘብ ለምን እንደተሰጠ በማስረጃ ለይቶ ማስቀመጥ ትልቅ ቁም ነገር መሆኑን ነው። ግዛቱ የሚጠይቀው ቁጥርም የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ መከራከሪያ መንገድ አለው።

ሌላም ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ሐኪም ወይም ሆስፒታል ለአንድ ሕክምና የሜዲኬይድን ክፍያ ከተቀበለ ያ ክፍያ ሙሉ ክፍያው ነው፤ ቀሪውን ከታካሚው መጠየቅ አይፈቀድለትም። ከአደጋው በኋላ እንዲህ ያለ ቢል በፖስታ ቢመጣላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ኤስ.ኤስ.አይ. የሚባለውን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን ወርሃዊ ድጎማ ለሚቀበሉ ደግሞ የካሳው መምጣት በራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ንብረት 2,000 ዶላር ነው። ከጠበቃና ከሊየን ተርፎ 30,000 ዶላር ባንክ የገባለት ሰው ኤስ.ኤስ.አይ.ውን፣ ከእርሱም ጋር ሜዲኬይዱን ሊያጣ ይችላል። ከ65 ዓመት በታች የሆነ አካል ጉዳተኛ ካሳውን የልዩ ፍላጎት አደራ በሚባል ሕጋዊ ሒሳብ ውስጥ ማስቀመጥ ይችላል፤ ይህ ግን ቼኩ ከመምጣቱ በፊት በባለሙያ መዘጋጀት አለበት። ሰውየው ሲያልፍ የተረፈው ገንዘብ መጀመሪያ ሜዲኬይድ ለከፈለው እንደሚውልም ቤተሰብ ይወቅ።

(አጭር ሙዚቃ)

ከመሰናበታችን በፊት ሥራ ላይ የምታውሉትን እናጠቃልል። ሆስፒታል ስትገቡ የሜዲኬር ወይም የሜዲኬይድ ካርዱን ብቻ ሳይሆን የመኪና ኢንሹራንሱንም መረጃ ስጡ። በሜሪላንድ አሽከርካሪው በጽሑፍ ካልተወው በቀር፣ ጥፋቱ የማንም ቢሆን የሚከፈል ቢያንስ 2,500 ዶላር ሽፋን በመኪና ኢንሹራንሱ ውስጥ አለ፤ ይህ ገንዘብ ከሜዲኬር ይቀድማል። ጠበቃ ስትይዙ ከውሉ በፊት "የሜዲኬርን ወይም የሜዲኬይድን ጥያቄ የሚከታተለው ማነው? ለዚህ ለብቻው ታስከፍላላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ስምምነት ሲቀርብላችሁ "ከዚህ ገንዘብ ለማን ስንት ይሄዳል? ለእኔስ ስንት ይተርፋል?" በሉ፤ መልሱንም በወረቀት ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ የመንግሥት ድርሻ የሚል መስመር ከሌለ ለምን እንደሌለ ይንገሯችሁ። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ወደ ሜዲኬር 1-800-633-4227 ስትደውሉ አማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። በየግዛቱም ሺፕ የሚባል፣ ስለ ሜዲኬር ነጻ ምክር የሚሰጥ አገልግሎት አለ።

ልጆች ሆይ፣ የወላጆቻችሁን ፖስታ ክፈቱላቸው። እናት አባት ልጃቸውን ላለማስቸገር ሲሉ ደብዳቤ ያስቀምጣሉ፤ 30 ቀኑና 60 ቀኑ ግን አይጠብቅም። ዛሬ የነገርናችሁ አጠቃላይ ትምህርት ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ግን ለየቅል ስለሆነ ፈቃድ ያለው ጠበቃ አማክሩ። አማክራችሁም ቢሆን ዝርዝሩን ራሳችሁ አንብቡ፤ የተጎዳው የእናንተ አካል ነው፣ የሚቆረጠውም ከእናንተ ካሳ ነው።

አደጋ ከደረሰበት ዘመድ ወይም ወዳጅ ጋር ዛሬውኑ ተነጋገሩበት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)